ቼክ በአበባ፣ አበባ በጥለት፦ ዲዛይን ከዲዛይን ጋር እንዴት እንደምለብስ

የኔን ቁም ሳጥን ብትከፍቱት ወጥ ቀለም ያለው ልብስ ለማግኘት ትንሽ መፈለግ አለባችሁ። ቼክ ኮት አለ። ባለ መስመር ሸሚዝ አለ፣ እሱም አንድ ብቻ አይደለም። ደቃቅ አበባ የተበተነበት ጉርድ አለ፤ ባለ ነጠብጣብ ሻርፕና ጥለቱ ደመቅ ያለ ነጠላም አሉ። ይህ የሆነው ፋሽን ስለምከተል አይደለም። ልብሴን ባብዛኛው የምገዛው ከቦንዳ ስለሆነ ነው።

ቦንዳ የሚገዛ ሰው ያውቀዋል። ቡቲክ ገብታችሁ ሱሪውን፣ ከሱሪው ጋር የሚሄደውን ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ ጋር የሚሄደውን ሹራብ እንደምትመርጡት አይደለም። ቦንዳው ሲፈታ የወጣውን ነው የምታነሱት። ጨርቁ ጥሩ ከሆነ፣ ልኩ ከመጣና ዋጋው ካልከበደ ይገዛል። ከምን ጋር እንደሚለበስ የሚታሰበው ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው። ወጥ ቀለም ያለው ጥሩ ኮት ደግሞ ቶሎ ይነሳል፤ ሁሉም ሰው ነው የሚፈልገው። ዘግይቶ ለደረሰ የሚቀረው ዥጉርጉሩ ነው። ግን እዚያው ዥጉርጉሩ መሃል ነው ጥሩ ሱፍና ጥሩ ጥጥ በርካሽ የሚገኘው። ስለዚህ ማዋሃዱን መልመድ የግድ ሆነብኝ።

"ከላይ አበባ ከሆነ ከታች ፕሌን፤ ከታች ቼክ ከሆነ ከላይ ፕሌን" የሚባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መጥፎ ምክር አይደለም፣ ማንንም አያሳስትም። ችግሩ የቁም ሳጥናችሁን ግማሽ ሥራ ፈት ማድረጉ ነው። ደግሞስ እናቶቻችን መቼ ተከተሉት?

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ስትወጡ ልብ ብላችሁ እዩ። ቀሚሱ ትልልቅ አበባ ነው። ከላዩ ሹራብ ተደርቧል፤ ሹራቡም መስመር ወይም ቼክ አያጣውም። ሻሹ የራሱ ዲዛይን አለው። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ባለ ጥለት ነጠላ ይመጣል። ሲነገር ጉድ ያሰኛል። በዓይን ሲታይ ግን ምንም የሚረብሽ ነገር የለውም። ማንም ዞር ብሎ "ኧረ አልሄደም" አይላቸውም። እኔ አለባበስ የተማርኩት ከፋሽን መጽሔት ሳይሆን ይህንን በመመልከት ነው።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ነጩ ነው። የዘወትር ነጠላ አብዛኛው አካሉ ባዶ ነጭ ነው። ጥለቱ የሚሄደው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ስለዚህ የቀሚሱ አበባና ጥለቱ ፊት ለፊት ተፋጠው አይቆሙም። መሃላቸው ዓይን የሚያርፍበት ሰፊ ቦታ አለ። ሁለተኛው መጠን ነው። ጥለቱ ውስጥ የተሠራው ነገር ደቃቅ ነው፣ የቀሚሱ አበባ ደግሞ መዳፍ ያክላል። ስለዚህ አይሻሙም። ሦስተኛው ከለር ነው። ሽሮ ሜዳ ነጠላ ልትገዙ ስትገቡ ሻጯ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው "ከምን ከለር ቀሚስ ጋር ነው የምትለብሽው?" ብላ ነው። ቀሚሱ ውስጥ ካሉት ቀለሞች አንዱ ጥለቱ ላይ ካለ ነገሩ አለቀ። የግድ ዋናው ቀለም መሆን የለበትም። ከአበባው ቅጠል የወጣ አረንጓዴ እንኳ ይበቃል።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል ነጩን እመርጣለሁ። መጠኑና ከለሩ ትንሽ ቢዛነፉ እንኳ ማረፊያው ሰፊ ከሆነ ይሸፍንላችኋል። ማረፊያ ስል ደግሞ የግድ ነጭ መሆን የለበትም። ግራጫ ሹራብም ይሁን ጥቁር ሱሪ፣ ሰፋ ያለ ቡኒ ቀበቶም ይሁን ጂንስ፣ ባዶ ሆኖ ዲዛይኖቹን የሚለያይ ነገር ይኑር ነው የምለው። በተለይ ጂንስ ጃኬት ባለውለታዬ ነው። አበባ ቀሚስና ባለ መስመር ሻርፕ መሃል ገብቶ ያላስታረቀበት ቀን የለም።

ለቢሮ የማዘወትረውን ልንገራችሁ። ሰማያዊና ነጭ ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ነው። ከታች ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ የተበተነበት ጉርድ አለ። ሁለቱም ዲዛይን ናቸው፤ ነገር ግን ከሰማያዊና ከነጭ የወጣ ቀለም የላቸውም። ከሩቅ የሚያይ ሰው "ሰማያዊ ለብሳለች" ነው የሚለው። መስመሩና አበባው የሚለዩት ቀረብ ሲባል ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚህ ዓይነቱ ጀምሩ፤ ሁለት ዲዛይን፣ ያው ሁለት ቀለም። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ባለ ነጠብጣብ ሸሚዝና ባለ መስመር ሱሪ በጥቁርና ነጭ አድርጉና ሞክሩት፤ ማንም ምንም አይላችሁም።

ቀጭን መስመር ለእኔ ከአብዛኛው ጋር የሚስማማ ዲዛይን ነው። አበባው ጠማማና ክብ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ጋር አይምታታም። ቼክም ከአበባ ጋር የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስቸግረው የአንድ ዓይነት ዘመዶች ሲገናኙ ነው፤ አበባ በአበባ፣ ቼክ በቼክ። አይቻልም ማለቴ አይደለም። ቼክ በቼክ ለብሼ ወጥቼ አውቃለሁ። ግን የኮቱ ካሬ ከሸሚዙ ካሬ ሦስት አራት እጥፍ ሰፋ ማለት አለበት። እኩል ከሆኑ ዓይን ያጭበረብራሉ። በተለይ ቀጭን መስመር ከደቃቅ ቼክ ጋር አይመከርም። የቪዲዮ ስብሰባ ያለበት ቀን ደግሞ ጭራሽ አታድርጉት፤ ካሜራው ጨርቁ የሚንቀሳቀስ ያስመስለዋል፣ ሰውም ንግግራችሁን ትቶ ሸሚዛችሁን ሲያይ ይውላል።

የነብር ቆዳ ዲዛይንን ብዙ ሰው ይሸሸዋል። እኔ ቡኒ ነው ብዬ ነው የምወስደው። ቡኒ ጫማ፣ ቡኒ ቀበቶ ወይም ቡኒ ሻርፕ የሚሄድበት ቦታ ሁሉ እሱም ይሄዳል። ሙሉ ቀሚስ ከሆነ ግን ሌላ ዲዛይን አታስጠጉበት። አንድ የማልነካው ነገር ቢኖር የወታደር ልብስ የሚመስለውን ዥጉርጉር ነው። ቦንዳ ውስጥ ሞልቷል፣ ጨርቁም ጠንካራ ነው። ግን እዚህ አገር መንገድ ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ለአንድ ሱሪ ብሎ ፖሊስ ጋር መከራከር ምን ይሠራል።

ከመውጣቴ በፊት የማደርጋቸው ነገሮች አሉ። መስታወት ፊት ትንሽ ራቅ ብዬ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አያለሁ። እንዲያ ሲታይ ዝርዝሩ ይጠፋና የቀለሙ ክብደት ብቻ ይቀራል። ሁለቱ ዲዛይኖች ተቀላቅለው አንድ ጭጋግ ከሆኑ አንዱን እቀይራለሁ። ቤታችሁ ቁመት የሚያሳይ መስታወት ከሌለ ስልካችሁን መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። በቀለም ሲታይ የተለያየ የሚመስለው ቀይ አበባና አረንጓዴ ቼክ ያኔ እኩል ግራጫ ሆኖ ከወጣ፣ አንዱ ጠቆር ወይም ነጣ ማለት ይፈልጋል ማለት ነው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊን ደግሞ መስኮት ጋ ወስዳችሁ ለዩ። ጠዋት መብራት በጠፋበት ቀን በሻማ የለበሰ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል።

አሁን ስለ አየሩ ላውራ፤ ከፋሽን ምክሮች ላይ ሁልጊዜ የሚጎድልብኝ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የምትገኘው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ያንቀጠቅጣል። ቀን 7 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ኮት ያስወልቃል። ማታ ተመልሶ ይበርዳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው በቀን አንድ ልብስ አይደለም የሚለብሰው። አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይወልቃል። ኮቱ ሲደረብ ያማረው ነገር ኮቱ ሲወልቅ ጉድ ሊያፈላ ይችላል።

እኔ እንዲህ ነው የማስበው። ኮቱ ቼክ፣ ሸሚዙ መስመር፣ ጉርዱ አበባ ነው እንበል። ኮቱን ስለብስ የሚታየው ቼኩና አበባው ነው፤ ሸሚዙ ኮሌታው ብቻ ብቅ ይላል። ኮቱን ሳወልቅ መስመሩና አበባው ብቻ ይቀራሉ። ሁለቱም ጥንዶች ለየብቻቸው መሄድ አለባቸው። ሸሚዙና ኮቱ ግን ብዙም ባይዋደዱ ችግር የለውም፤ የሚገናኙት ኮሌታ ላይ ብቻ ነው። በመሃል ወጥ ቀለም ያለው ሹራብ ካለ ደግሞ ያው የነጠላውን ነጭ ሥራ ይሠራል፤ ኮቱንና ጉርዱን ያለያያል። ለዚህ ብዬ ሹራብ ስገዛ ብቻ ወጥ ቀለም ካልሆነ አልገዛም። አንድ ግራጫ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንድ ክሬም። እነዚህ ሦስቱ ሌላውን ሁሉ ተሸክመውታል ብል አላጋነንኩም።

ክረምት ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ጃንጥላ። ጃንጥላም ዲዛይን ነው! ከወገብ በላይ ሙሉ በሙሉ አበባ ሆኖ ከላያችሁ ይዘረጋል። የኔ ጥቁር ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን ከምንም ጋር አይጣላም።

ወደ ልብስ ሰፊ ልውሰዳችሁ። የቦንዳ ልብስ ሳያስተካክሉ መልበስ ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው። የምሄድባቸው ልብስ ሰፊ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሲንገር ስፌት መኪናቸው ከአያት የወረሱት ይመስል አርጅቷል። አንድ ቀን ቼክ ጨርቅ በሜትር ገዝቼ ጉርድ እንዲሰፉልኝ ወሰድኩላቸው። ዘርግተው አዩና "ልጄ፣ ቼክ የሰፊን ጉድ ያወጣል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቼክ ጎን ስፌቱ ላይ ካልገጠመ፣ ምንም ያህል ቆንጆ ጨርቅ ቢሆን ልብሱ የተጣመመ ይመስላል። ዲዛይን ከዲዛይን ጋር ስትለብሱ ደግሞ ይብሳል፤ ሰው "አልሄደም" የሚለው አንዳንዴ ቅንጅቱን ሳይሆን የስፌቱን መዛነፍ አይቶ ነው።

ስለዚህ ቼክ ጨርቅ ስትገዙ ጨመር አድርጋችሁ ግዙ። መስመሩ እንዲገጥም ሰፊው ቁራጮቹን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተተ ነው የሚቆርጠው፤ በዚያ መሃል ትርፍራፊ ይበዛል። ካሬው 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለእያንዳንዱ ትልቅ ቁራጭ ያንን ያህል መጨመር ደህና መነሻ ነው። ካሬው በሰፋ ቁጥር ብክነቱም ይጨምራል። ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ሲሰበሰብ መስመሩም አብሮ ይዛነፋል። ሌላም ዘዴ አለ። ኪሱን ወይም ቀበቶ ቤቱን በሰያፍ እንዲቆርጡላችሁ ጠይቁ። ያኔ መግጠም አይጠበቅበትም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑም ያስታውቃል።

ጋሼ ያስተማሩኝ ሌላ ነገር ኮሌታን ነው። የወንድ ሸሚዝ ኮሌታው ሲበላ ተፈትቶ እንደሚገለበጥ ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ በሌላ ጨርቅ እንዲቀየር አደርጋለሁ። ባለ መስመር ሸሚዝ ላይ ነጠብጣብ ኮሌታና የእጅጌ ጫፍ ማለት ነው። ዲዛይን መቀላቀል የሚያስፈራው ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ትንሽ ቦታ ነው፣ ካልጣመው ደግሞ መልሶ ያስፈታዋል። ያረጀ ሸሚዝ ሁለት ሦስት ዓመት ዕድሜ ይጨምራል።

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል። ለጥምቀት የሆነው ቀሚስ ሲያረጅ ግን ጥለቱን አትጣሉት። ጨርቁ ሳስቶ ጥለቱ ገና ጠንካራ ሆኖ የሚቀርባቸው ቀሚሶች ብዙ ናቸው። እኔ የአንዱን ጥለት አስፈትቼ ጂንስ ጃኬት ጀርባ ላይ አስተክያለሁ። ከሥሩ ስስ ገበር ይደረግበት፤ አለበለዚያ ጀርባው ላይ ያለው ክር በቦርሳና በወንበር እየተያዘ ይመዘዛል። ያንን ጃኬት ከአበባ ቀሚስ ጋር ነው የምለብሰው። መጀመሪያ የለበስኩት ቀን አክስቴ አይታኝ "መጋረጃ መሰልሽ" አለች። አሁን ለራሷ እንዲሠራላት ሁለት አሮጌ ቀሚስ አምጥታ አስቀምጣለች።

ስለ ወንዶች ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም ሕጉ ያው ነው። ወንድሜ ቼክ ሸሚዝ ላይ ከራቫት ሲያስር ሰፋ ያለ መስመር ያለውን ይመርጣል። ባለ ቀጭን መስመር ሱፍ ከሆነ ደግሞ ሸሚዙን ወጥ ያደርገውና ከራቫቱን ነጠብጣብ ያደርጋል። አንድ ልጨምር፤ ዱንጉዛ የሚባለው የሽመና ጨርቅ። የጋሞና የወላይታ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ማረፊያ የሚባል ነገር የለውም። ጃኬት ተደርጎ ሲሰፋ በጣም ነው የሚያምረው። ግን ማረፊያውን እናንተ መስጠት አለባችሁ። ነጭ ወይም ጥቁር ሸሚዝ ከውስጥ፣ ጥቁር ሱሪ ከታች። ዲዛይን ካማራችሁ ሸሚዙ ጥቁርና ነጭ ቀጭን መስመር ይሁን፤ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ከአርባ ምንጭ በላይ ዶርዜ ወጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን አገሬው ሙሉ ልብስ አድርጎት በበዓል ቀን ሲጨፍር አይታችሁ ይሆናል። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ምክር ሰጪም የለም፣ አያስፈልግምም።

ለቅሶ ቤት ይህ ሁሉ አይሠራም። ነጠላው ራሱ ተዘቅዝቆ ነው የሚለበሰው፣ ጥለቱም ለጌጥ አይደለም። ለዚህ ብዬ አንድ ወጥ ጥቁር ጉርድና አንድ ጥቁር ሹራብ ለብቻ አስቀምጣለሁ፤ የለቅሶ ጥሪ ደግሞ ቀጠሮ የለውም። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም ቁጥብ እሆናለሁ። አንድ ዲዛይን ይበቃል፣ እሱም ደቃቅ ይሁን።

የመጨረሻው እጥበት ነው። ዲዛይን ያለው ልብስ ውስጥ ብዙ ቀለም አብሮ ይኖራል፤ አንዱ ከለቀቀ ሌላውን ያበላሻል። አዲስ ጥለት፣ በተለይ ቀይና ጥቁር ያለበት፣ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነጭ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ጫፉን ፈተግ አድርጉት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከመጣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። ሳይዘፈዘፍ፣ ሳይታጠፍ ወዲያው ይሰጣ፤ እርጥብ ሆኖ ከተጣጠፈ ቀለሙ ነጩ ላይ ያትማል። ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውስጡ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ካውያም በተቃራኒው ፊት ነው። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥለት ከሆነ ሙቀቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከላዩ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፤ ያ ክር አንዴ ከተጨማደደ ሰፊም አይመልሰውም።